አይስ ኤጅ ሁለትን ለልጆች በአማርኛ እየተረኩ ማሳየት፦ ለሐዋሳ ቤተሰቦች

«አይስ ኤጅ፦ ዘ ሜልትዳውን» እ.ኤ.አ. በ2002 ለወጣው የመጀመሪያ ፊልም ተከታይ ሆኖ በ2006 የቀረበ፣ 91 ደቂቃ የሚፈጅ የአኒሜሽን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ብራዚላዊው ካርሎስ ሳልዳኛ ነው። ፊልሙን የሠራው ብሉ ስካይ ስቱዲዮ በ2021 ቢዘጋም፣ ማሞዙ (ጥንታዊው ባለ ጠጉር የዝሆን ዘመድ) ማኒ፣ ስሎዝ የተባለው ዘገምተኛ እንስሳ ሲድ፣ ባለ ሰይፍ ጥርሱ ዲዬጎ እና አንዲት ፍሬ ሲያሳድድ የሚኖረው ስክራት ዛሬም ልጆችን ያስቃሉ። ችግሩ ንግግሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። አምስት ዓመት የሞላው የሐዋሳ ልጅ ሲድ ሲወድቅ ይስቃል፤ ማኒ ለምን እንደሚተክዝ ግን አይገባውም። አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ሰው እያንዳንዱን ቃል ልተርጉም ካለ ደግሞ ልጁ ፊቱን ከፊልሙ መልሶ ወደ ተርጓሚው ማየት ይጀምራል። ይህ መመሪያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንዴት መሄድ እንደሚቻል፣ እንዲሁም ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጆች ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች ምን ዓይነት እውነተኛ መልስ እንደሚሰጥ የሚያስረዳ ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በሩቅ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም።

አስቀድሞ ብቻዎን ይዩት

ተራኪ የሚሆነው ሰው ፊልሙን ቢያንስ አንድ ጊዜ ልጆቹ በሌሉበት ማየት ይኖርበታል። ሲያዩም ደብተር ይያዙ፤ ነገር ግን ንግግሩን አይገልብጡ። የሚጻፈው ሥዕሉ በራሱ የማይናገረው ነገር ብቻ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ይታያል፤ ስለዚህ «በረዶው እየቀለጠ ነው» ማለት ትርፍ ነው። ሸለቆውን የከበበው የበረዶ ግድግዳ ከኋላው ብዙ ውኃ እንደያዘ፣ እንስሳቱም በሦስት ቀን ውስጥ በሸለቆው ማዶ ወዳለው መርከብ ካልደረሱ ጎርፍ እንደሚወስዳቸው ግን ካልተነገረ አይታወቅም። ኤሊ የተባለችው ሴት ማሞዝ ራሷን እንደ ፖሰም፣ ማለትም በዛፍ ላይ ጭራዋን ጠምጥማ እንደምትንጠለጠል ትንሽ እንስሳ፣ አድርጋ እንደምታምንም እንዲሁ መነገር አለበት፤ ያለዚያ ከቅርንጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥላ ስትታይ ልጁ የሚያገኘው ሳቅ ግማሽ ሳቅ ነው። በዚህ ዓይነት ሲጣራ ለጠቅላላው ፊልም የሚያስፈልገው ጽሑፍ ከሁለት የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም።

ተከታይ ፊልም እንደመሆኑ ከፊተኛው የሚወርሰው ታሪክ አለው። የመጀመሪያውን ያላዩ ልጆች ካሉ ከመጀመሩ በፊት በአጭሩ ይነገራቸው፤ ማኒ፣ ሲድ እና ዲዬጎ በባሕርያቸው የማይስማሙ ሦስት እንስሳት ሳሉ አንድ የጠፋ የሰው ሕፃን አግኝተው ለአባቱ ለማድረስ አብረው ተጓዙ፤ በመንገድም ወዳጆች ሆኑ። ከዚህ በላይ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የማኒ ሚስትና ልጅ ቀደም ብሎ በአዳኞች መገደላቸው ነው። እኔ ይህ ባይደበቅ እመርጣለሁ። በሁለተኛው ፊልም ማኒ «የመጨረሻው ማሞዝ እኔ ነኝን?» እያለ የሚብሰለሰለው፣ ከኤሊ ጋር ለመቀራረብም የሚቸገረው ከዚያ የተነሣ ነውና ይህን ያላወቀ ልጅ ማኒን እንደ ቁጡ ሽማግሌ ብቻ ያየዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ማጋነን ይነገር። በቤቱ ውስጥ በቅርቡ ኀዘን የገባ ከሆነ ግን «ማኒ ቤተሰቡን አጥቶ ብቻውን የቀረ ማሞዝ ነው» ማለት ይበቃል።

ስሞቹን እንዳሉ ይተዉአቸው። ማኒን ማሞ፣ ሲድን ዘነበ ማለት ለአንድ ቀን ያስቃል፤ ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለ ፊልሙ ሲያወራ ግን ማን ማን እንደሆነ ይደባለቅበታል።

ቤቱና ሰዓቱ

ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነጭና ሰማያዊ የበዛበት ስለሆነ በቀን ብርሃን ጥሩ አይታይም። በሐዋሳ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ መጀመር ለዓይንም ለልጆች የመኝታ ሰዓትም ይስማማል። ፕሮጀክተር ያለው ሰው ነጭ አንሶላ ተኩሶና ጠርዙን ወጥሮ ግድግዳ ላይ ይስቀል፤ የተጨማደደ አንሶላ የማሞዞቹን ፊት ያጣምመዋል። ሐይቁ ቅርብ በሆነባቸው ሰፈሮች ብርሃን ትንኝ ስለሚጠራ መስኮቱ የሚዘጋው ፕሮጀክተሩ ከመብራቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቦ ላፕቶፑን ሞልቶ መያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ማዘጋጀት፣ የስክሪኑንም ድምቀት በመጠኑ መቀነስ ይበጃል፤ ፕሮጀክተሩ ቢጠፋ እንኳ ቀሪው በላፕቶፑ ላይ ይታያል። ቆሎ ከፊልሙ በፊት ይበላ፤ ፈንዲሻ ግን ድምፁ ስለማይረብሽ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የተራኪው መቀመጫ ከልጆቹ ፊት ሳይሆን ከኋላቸው፣ ወደ አንድ ጎን ሆኖ፣ የማቆሚያው ቁልፍ በእጁ ሥር ቢሆን መልካም ነው። ድምፅ ከኋላ ሲመጣ ልጆቹ ዞር ብለው ተራኪውን አያዩም። የስፒከሩ ድምፅ በንግግር ላይ ዝቅ፣ በሙዚቃና በግርግር ላይ ከፍ ይበል።

ትረካው

የትረካ ልማድ ላለው ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ማዳመጥ የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት አንሥቶ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ይህንኑ ማለት ጫጫታውን ከማንኛውም ተግሣጽ የበለጠ ያበርደዋል። ከዚያ በኋላ ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ተራኪው የሚናገረው ባለታሪኮቹ ተናግረው ሲያበቁ እንጂ እየተናገሩ ሳሉ አይደለም። ጥቂት ንግግር ያልፋል፣ ተራኪው ፍሬ ነገሩን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፣ ፊልሙ ይቀጥላል። ማኒና ኤሊ ረዥም ጭቅጭቅ ሲጨቃጨቁ «አንቺ ማሞዝ ነሽ ይላታል፤ እሷ ደግሞ ፖሰም ነኝ ትለዋለች» ከተባለ የቀረውን ፊታቸው ይናገራል። የሚያስፈልገው ግሥ በአሁን ጊዜ ይሁን፤ «ይላታል»፣ «ይፈራል»፣ «ይሸሻል»። «አለ»፣ «ፈራ» ማለት ልጁን ከሸለቆው አውጥቶ ወደ ሳሎን ይመልሰዋል።

ስክራት በታየ ቁጥር ተራኪው ዝም ይበል። ይህ ትንሽ ፍጥረት በፊልሙ ሁሉ አንዲት ቃል አይናገርም፤ የሚያደርገውም ነገር ከእንቅስቃሴው ብቻ ይገባል፤ ለእሱ ትረካ መጨመር ለጨው ጨው እንደመጨመር ነው። በመክፈቻው የበረዶ ግድግዳውን ሲወጣና የከፈተውን ቀዳዳ በእግርና በእጁ ሊደፍን ሲታገል፣ በመጨረሻም ግድግዳውን ሰንጥቆ ውኃው እንዲፈስ ሲያደርግ ክፍሉ የልጆቹ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚሰማው ሳቅ ለተራኪውም ማረፊያ ይሆነዋል።

ዘፈኖቹ አይተርጎሙ። ጥንብ አንሳዎቹ በመንገድ የደከሙትን እንስሳት እያዩ ስለ ምግብ ሲዘፍኑ «ጎርፉ ሲመጣ እንበላቸዋለን እያሉ ይዘፍናሉ» የሚለው በቂ ነው። ይህን ትዕይንት የሐዋሳ ልጅ ከማንም ቀድሞ እንደሚረዳው መገመት አያዳግትም፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎች ትከሻቸውን ሰብረው፣ ራሰ በራቸውን ዝቅ አድርገው የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ያየ ልጅ ሥዕሉን ሲያይ ሳይነገረው ያገናኘዋል። አባ ኮዳ የራዛ ወገን እንጂ ጥንብ አንሳ እንዳልሆነ መንገር ይቻላል፤ ግን ያ ነገ ይሁን።

በቤቱ አያት ካሉ ትረካውን ለብቻቸው ማካፈልም ያምራል። ከሲዳማ ቤተሰብ የሆኑ አያት ለታናሹ ልጅ በሲዳምኛ ሹክ ቢሉት ፊልሙ አይረበሽም፤ አማርኛውን የሚተርከው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲተርክ ልጆቹ ማንን እንደሚሰሙ ይቸገራሉ፤ ታላቅ ወንድም «እኔ ልንገራቸው» ካለም ተራ ከፍሎ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ለእሱ መስጠት ይቻላል።

የሚያስፈሩ፣ የሚያሳፍሩና የሚነኩ ቦታዎች

የመጀመሪያው የሚያስፈራ ነገር በበረዶ ውስጥ ቀዝቅዘው ኖረው የሚነቁት ሁለቱ የባሕር አውሬዎች ናቸው። ከውኃ ሥር በድንገት ስለሚወጡ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊደነግጥ ይችላል። ፊልሙን ማቆም ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ አውሬው አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይቀራልና። ይልቅ ትዕይንቱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ «አሁን ሁለት ትልልቅ አውሬዎች ይመጣሉ፤ ማኒንና ጓደኞቹን ግን አይበሏቸውም» ማለት ይሻላል። ምን እንደሚሆን ያወቀ ልጅ ዓይኑን አይጨፍንም። ሲድን ንጉሣቸው ያደረጉት ትናንሽ ዘመዶቹ ወደ እሳት ሊጥሉት የሚወስዱበት ቦታና ኤሊ በጎርፍ በሚሞላ ዋሻ ውስጥ የምትታገትበት ቦታም እንዲሁ ቀድመው ይነገሩ።

የሚያሳፍረው አንድ ቦታ ነው። ማኒ ከኤሊ ጋር ገና ሳይግባቡ ዘራቸውን ከመጥፋት የማዳን ኃላፊነት የእነሱ ሁለት እንደሆነ የሚመስል ነገር ይዘባርቃል፤ እሷም ትቆጣለች። በአሜሪካ ፊልሙ የወላጅ ክትትል ይደረግበት የተባለው እንዲህ ባሉ ሾርኒ ንግግሮችና በአንዳንድ ቀለል ያሉ ስድቦች ምክንያት ነው። ተራኪው «ማኒ ያልታሰበበት ነገር ይናገራል፤ ኤሊ ትቆጣለች» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ትልልቆቹ ይስቃሉ፣ ትንንሾቹ ይቀጥላሉ።

የሚነካው ግን የኤሊ ታሪክ ነው፤ እኔም ከፊልሙ ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ኤሊ በልጅነቷ በበረዶ መካከል ብቻዋን ቀርታ ሳለ አንዲት ፖሰም እናት አግኝታ አሳድጋታለች፤ ክራሽ እና ኤዲ የተባሉት ሁለት ትናንሽ ፖሰሞችም ወንድሞቿ ናቸው። ያደገችበትን ዛፍ ባየች ጊዜ ትዝታው ይመለስባትና ማሞዝ እንደሆነች ትረዳለች። ጉዲፈቻ በሕግም በባህልም የታወቀ በሆነበት አገር፣ በአክስት ወይም በአያት ቤት የሚያድጉ ልጆች በየመንደሩ ባሉበት ሁኔታ ይህ ትዕይንት በክፍሉ ካሉት ልጆች አንዱን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ተራኪው ቃሉን ይምረጥ። «እናቷ አይደለችም» አይበል፤ «እሷን የወለደቻት ሌላ ናት፤ ያሳደገቻትም እናቷ ናት» ቢል ከፊልሙም ጋር ይስማማል። ኤሊ ማሞዝነቷን ካወቀች በኋላ ክራሽንና ኤዲን ወንድሞቼ ከማለት አልተወችም፤ በመጨረሻም የማሞዝ መንጋ ሲመጣ እንኳ ከማኒና ከሌሎቹ ጋር መሆንን ትመርጣለች። ልጁ «እኔስ?» ብሎ ከጠየቀ ፊልሙን አቁሞ መመለስ የሚገባበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው፤ የቀረው ጥያቄ ሁሉ እስኪያልቅ መጠበቅ ይችላል።

«ነበረ ወይስ አልነበረም?»

ፊልሙ እየታየ ሳለ ስሕተቱን ማረም ሁሉን ያበላሻል። ካለቀ በኋላ፣ ወይም በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ አንድ ጨዋታ መክፈት ይሻላል፤ ተራኪው አንድ ነገር ከፊልሙ ይጠራል፣ ልጆቹ «ነበረ» ወይም «አልነበረም» ይላሉ፣ ከዚያ እውነቱ ይነገራል። ለተራኪው የሚረዱ እውነቶች እነሆ።

ማሞዝ ነበረ። ባለ ጠጉሩ ማሞዝ ትከሻው ድረስ ሦስት ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህም ከዛሬው የአፍሪካ ዝሆን እምብዛም አይበልጥም። ጆሮው ትንሽ የሆነው ሙቀት እንዳያባክን ነው። ብዙ የማሞዝ መንጋዎች ያለቁት የበረዶው ዘመን ወደ ማብቂያው ሲደርስ ቢሆንም፣ በሰሜን ሩሲያ በራንገል ደሴት የቀሩት እስከ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ኖረዋል፤ የጊዛ ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ ማሞዝ ገና በምድር ላይ ነበር ማለት ነው። የማሞዞች የመጀመሪያ ዝርያዎች የተነሡት ደግሞ ከአፍሪካ ነው። በጎንደር አቅራቢያ በጭልጋ የዝሆን ወገን የሆኑ 27 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናቸው ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። መንጋውን የሚመራው እንደ ማኒ ያለ ወንድ ሳይሆን እንደ ዛሬ ዝሆኖች ታላቋ ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ይህን የሰሙ ሴት ልጆች ደስ ይላቸዋል።

ባለ ሰይፍ ጥርሱም ነበረ፤ ነብር ግን አልነበረም። ዲዬጎ የሚመስለው እንስሳ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ኖሮ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። ከሌሎቹ ባለ ሰይፍ ጥርስ ድመቶች አንዳንዶቹ ግን በኢትዮጵያ ኖረዋል፤ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 በተገኘችበት በሐዳር ቅሪታቸው ተገኝቷል። ሉሲ ራሷ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረች ስለሆነች ከማኒ ዘመን እጅግ ቀድማለች፤ ልጆች ሁለቱን በአንድ ጊዜ የኖሩ አድርገው እንዳያስቡ ይህ በግልጽ ይነገር።

የሲድ ዘመዶች ነበሩ፤ የሚኖሩትም በአሜሪካ አህጉር ብቻ ነበር። ትልቁ ዝርያ ዝሆን የሚያህል ክብደት ነበረውና በሁለት እግሩ ሲቆም ሲድን ጉልበቱ ሥር ያስቀምጠዋል። ፖሰምም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ ልጆቿን በከረጢቷ የምትይዝ የአሜሪካ እንስሳ ናት፤ ስትደነግጥ የሞተች መምሰሏም እውነት ነው፤ የምትወድቀው ግን አስባ ሳይሆን ሰውነቷ ስለሚደነዝዝ ነው።

ስክራት የሠሪዎቹ ፈጠራ ነው። ሆኖም ፊልሙ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ሳይንቲስቶች ከአርጀንቲና የተገኘ፣ ረዥም ሹል የፊት ጥርስ ያለው የአንድ ትንሽ ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ራስ ቅል ይፋ አድርገዋል። እሱን ከስክራት ጋር ያላመሳሰለ ጋዜጣ ያኔ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኖረው ግን ከማሞዝ ዘመን እጅግ ቀድሞ፣ በዳይኖሰሮች ጊዜ ነው።

የባሕር አውሬዎቹ በዚያ ዘመን አልነበሩም። እነሱን የሚመስሉት የባሕር ተሳቢ እንስሳት የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወይም ከዚያም ቀድሞ ነው፤ በበረዶ ውስጥ ቀዝቅዞ ያን ያህል ጊዜ የሚኖር ሥጋም የለም።

የበረዶ ግድብ ፈርሶ ጎርፍ ማውረዱ ግን ነበረ፤ ብዙ ወላጆችም ፈጠራ የሚመስላቸው ይህ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሚዙላ በሚባል ቦታ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ዘግቶ ትልቅ ሐይቅ ያቆም ነበር፤ ግድቡ በውኃው ግፊት ሲሰበር ሐይቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈስሶ አለቀ። በረዶው ተመልሶ ሸለቆውን ይዘጋል፣ ሐይቁ ይሞላል፣ ግድቡ እንደገና ይሰበራል፤ ይህ ከ13,000 ዓመት በላይ በፊት በብዙ ዙር ተደጋግሟል። ፊልሙ ያሳጠረው የጠቅላላውን የበረዶ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ምድርን የሸፈነው በረዶ የቀለጠው በሦስት ቀን ሳይሆን በሺህ ዓመታት ነው፤ የባሕር ወለልም በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል።

«አባዬ፣ ሐይቃችንም ይፈርሳል?»

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም መልሱ ሐይቁ ዳር ቢሰጥ ይሻላል። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ወደ ፍቅር ሐይቅ ወይም ወደ አሞራ ገደል ይውሰዱ። የሐዋሳ ሐይቅ በበረዶ ግድግዳ የተያዘ አይደለም፤ ከብዙ ዘመን በፊት በእሳተ ገሞራ ምክንያት መሬቱ ሰጥሞ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው። ከጥቁር ውሃ ወንዝና ከዝናብ ውኃ ይገባበታል፤ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ግን የለውም። «ሊፈርስ የሚችል ግድግዳ የለውም፤ ዝናብ ሲበዛ ግን ከፍ ይላል» የሚለው መልስ እውነትም ነው፣ የልጁንም ልብ ያሳርፋል። ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ጎድጓዳውን ዙሪያውን ማሳየት ደግሞ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ፊልሙ ውስጥ እንስሳቱ ፍል ውኃ ከምድር እየፈነዳ በሚወጣበት ሜዳ መካከል ያልፋሉ። እንደዚያ ዓይነት ፍንዳታ ባይሆንም፣ ወንዶ ገነት ሄዶ ከምንጩ ራቅ ብሎ የቀዘቀዘውን ፍል ውኃ በእጅ መንካት ይቻላል፤ በምንጩ ላይና በሻላ ሐይቅ ዳር የሚፈልቀው ግን እጅ የሚያቃጥል ስለሆነ ልጆች ከጠርዙ ይራቁ። የሁለቱም ሙቀት የሚመጣው ስምጥ ሸለቆው ሥር ካለው ትኩስ ዐለት ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የባሌ ተራሮች ጉዞ ነው። የበረዶ ዘመን ሲባል ልጆቻችን ሰሜን ዋልታን ያስባሉ፤ ነገር ግን ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሌ ከፍታዎች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። በዚያው ዘመን ፊንጫ ሀበራ በተባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለ የዐለት መጠለያ ውስጥ ሰዎች ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ወደ መጠለያው እየተመላለሱ፣ ከበረዶው አቅራቢያ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ፣ ግዙፉን ፍልፈልም በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር። ያ ፍልፈል ዛሬም አለ፤ የሚገኘውም በባሌ ብቻ ነው። ጥርሱ የወጣ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ነጥቆ የሚሰወር፣ ሁልጊዜም ከላዩ የሚያሳድደው ቀይ ቀበሮ ያለው ይህ ፍጥረት ለሐዋሳ ልጅ ከስክራት ይልቅ የሚቀርበው ነው።

መንገዱ ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ይደርሳል፤ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ደጋ አጋዘን በዲንሾ በቅርብ ይታያል። ፍልፈሉንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ግን በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ያስፈልጋል፤ በዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ቀን ያን ያህል መውጣት ለልጆች ይከብዳል፤ ዲንሾ ወይም ጎባ አድሮ በማግስቱ መውጣት፣ ውኃ ማብዛት፣ ራሱን ያመመው ወይም ያስመለሰው ልጅ ካለ ሳይዘገዩ መውረድ ይገባል። ብርድ ልብስ፣ ጓንትና ኮፍያ በኅዳርና በታኅሣሥ የግድ ናቸው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ የሚወጣው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ስለሆነ በጣም ማልዶ መሄድ አያስፈልግም፤ መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ይቁም፣ ልጆቹም ከውስጥ ሆነው በዝምታ ይጠብቁ።

ልጆቹ ሦስተኛውን ፊልም ወዲያው ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው እሱ ከበረዶው በታች ዳይኖሰሮችን ያኖራል፤ ለሳቅ ጥሩ ነው፤ ለዘመን አቆጣጠር ግን ከሁለተኛው የባሰ ያደናግራል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጥቂት ሳምንታት ቢያልፉና «ነበረ ወይስ አልነበረም?» የሚለው ጨዋታ ቀድሞ ቢለመድ ይመረጣል፤ ለዚያኛው ፊልም ጨዋታው የሚከፈተው «ማሞዝና ዳይኖሰር ተገናኝተው ነበር?» በሚለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም «አልነበረም» ነው።